ጎዶሎ የተባለው ከረጢት

የበደለኝ ሰው የድሮ የተኩስ ባልደረባዬ ነው። ዛሬ የአንድ ስፖርት ክለብ የቴክኒክ ኃላፊ ሆኗል። የበደለኝ ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ስሙን አልጽፍም። ስሙን ብጽፍ ዘመዶቹ ይሰማሉ፣ ሽማግሌ ይላካል፣ «እናንተ እኮ የድሮ ጓደኛሞች ናችሁ» ይባላል። እኔ ደግሞ ለመታረቅ ብዬ አልጻፍኩም።

በደሉ ሲነገር ትንሽ ነው። እኔ የሰፋኋቸው ስምንት ከረጢቶች «ጎዶሎ ሆነው ተገኝተዋል» በሚል ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረመ። በቃ ይኸው ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ሰፍታ፣ ሞልታ፣ አስረክባ ስታበቃ «አጎደለች» ከተባለች ሌላ ስድብ አያስፈልጋትም። በጨዋ አነጋገር ሌባ ማለት ነው። እኔ የፈለግሁት ያ ቃል እንዲሰረዝ ብቻ ነበር።

ከረጢቱ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ትራስ ነው የሚሉት። በእኛ ዘመን ተኳሽ ሜዳ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ረጋ ብሎ ነበር የሚተኩሰው። የአሁኑ ውድድር ሌላ ነው። ተወዳዳሪው ሰዓት እየተያዘበት ከአጥር ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ጣውላ ደረጃ እየሮጠ፣ በየደረሰበት ጠመንጃውን አስደግፎ ሩቅ ያለ ኢላማ ይመታል። ብረት በእንጨት ላይ ሲቀመጥ ይንሸራተታል፤ በጎማ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ይነጥራል። ስለዚህ በሁለቱ መሃል የሚገባ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ የሁለት ጡብ ያህል ከረጢት ይዞ ይሮጣል። ከረጢቱ ከታች አጥሩን መጨበጥ፣ ከላይ ጠመንጃውን ማቀፍ አለበት። ይህን የማያደርግ ከሆነ ሸክም ነው።

እኔ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት በአንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ የበለጠውን ጊዜ የማጠፋው ግን የሰው ዚፕ በመቀየር ነው። በወጣትነቴ ተኳሽ እንደነበርኩ በብሎካችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። ሰው ስለ አንቺ በማያውቀው ነገር መልሶ ሊመታሽ አይችልም።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ የክለቡ ተኳሽ ናት። አንድ ቀን የተቀደደ ከረጢት ይዛ መጣች። ከውጭ የመጣ ነበር፤ ስፌቱ ሲለቅ የክለቡ ሰዎች የፈሰሰውን በአሸዋ ተክተው ሊስትሮ ዘንድ አሰፍተውታል። እንደ ድንጋይ ደርቋል።

«እትዬ፣ ይሄን ፈተው ትንሽ ያላሉልኛል?» አለችኝ። «ጋሼ ሁልጊዜ ‹ጠመንጃ ከረጢት ውስጥ ይተኛል እንጂ ላዩ ላይ አይቀመጥም› ይሉናል። ይሄ ግን አያስተኛም።»

እግሬን ከማሽኑ መርገጫ ላይ አነሳሁ። ያንን አባባል አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ሆኖ፣ በመተኮሻ ሜዳው ላይ ከጎኔ ለተኛ ለአንድ ጎረምሳ የነገርኩት ነው። ያኔ የሚሰጠን የአሸዋ ከረጢት እስከ አፉ የተሞላ ነበር። ጠመንጃው ላዩ ላይ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ይወላወላል። እኔ ስፌቱን ፈትቼ ሁለት እፍኝ አሸዋ ከደፋሁ በኋላ በክርኔ መሃሉን አጎድጉጄ ጠመንጃዬን አስተኛሁ። በዚያን ጊዜ የጠመንጃው አፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው ያለ ጥይት ቃታ ያስስቡን ነበር። ሳንቲሙ ከወደቀ እጅሽ ተነቃንቋል ማለት ነው። የኔ አይወድቅም። የእሱ ይወድቃል። እንዴት እንደማደርገው ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። በሚቀጥለው ወር ለቡድኑ ተመረጠ። እኔ አልተመረጥኩም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ያኔ የነበረው አሰልጣኝ የክለብ ንብረት የሆነ ከረጢት ፈትታ አሸዋ አጉድላለች ተብሎ እንደተነገረው ገለጸልኝ። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም። ከጎኔ የተኛው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ልጅቷ «ጋሼ» የምትለው እሱን ነው። ይህን ስትነግረኝ ፊቴ ላይ ምንም እንዳልታየ እርግጠኛ ነኝ። ከረጢቱን ትቼው አዲስ እንደምሰፋላት ነገርኳት።

ስፌቱ አላስቸገረኝም። ወፍራም ሸራ፣ በአንድ ፊት ደግሞ ከጫማ ሠሪዎች የተረፈ ቆዳ፣ ሸካራው ጎን ወደ ውጭ። ያስቸገረኝ የሚሞላው ነገር ነው። አሸዋ ይከብዳል፣ ውሃ ሲነካው ይጠጥራል። ጤፍ ሞከርኩ። ይህንን ስህተቴን አልደብቅም። ጤፍ ከየትኛውም ስፌት ያመልጣል፤ ያላመለጠው ደግሞ እርስ በርሱ ተጠቅጥቆ እንደ ግድግዳ ይቆማል። በዚያ ላይ አንዲት ጎረቤቴ አይታኝ ለብሎኩ ሁሉ አወራች። ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን እህል ከጠመንጃ ስር የምታስቀምጥ ሴት ተባልኩ። ተልባም ሞከርኩ፤ ደህና ነበር፣ ግን ፀሐይ ላይ ሲውል ዘይቱ ሸራውን አወዛው።

በመጨረሻ ሀና ማርያም አካባቢ እህል የምትሸጥ፣ ቤተሰቧ ከዱሮ ጀምሮ እዚያው የሚያርስ አንዲት ሴት ዘንድ ሄጄ የጎመን ዘር ጠየቅሁ። ክብ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እርስ በርሱ አይጠቀጠቅም፣ እንደ ውሃ ይፈሳል። እንዳይበቅል በትንሹ አመስኩት። ሴትዮዋ በጣሳ ስትሰፍርልኝ እስኪፈስ ድረስ ቆልላ፣ ከዚያም እንደ ደንቡ አንድ እፍኝ ምርቃት ጨመረችልኝ። ለምን እንደሆነ ስነግራት ለረጅም ጊዜ አየችኝና ጠላት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ብዙ የለኝም አልኳት።

መሙላቱ ላይ ነው ዋናው ነገር። ከረጢቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ነው የሚሞላው። ሦስተኛው እጅ ባዶ ካልሆነ ዘሩ የሚሸሽበት ቦታ አያገኝም፤ ካልሸሸ ደግሞ ጠመንጃው አይተኛም። ያ ባዶ ቦታ የተረፈ ቦታ አይደለም፣ የሥራው ግማሽ ነው። ጠመንጃ ስለሌለኝ በመጥረጊያ እንጨት ነበር የምሞክረው፤ እንጨቱን በረንዳው ብረት ላይ ከረጢት አስደግፌ፣ ጫፉ ላይ ሳንቲም አድርጌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ። በደጅ የሚያልፍ ጎረቤት «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ብሎኛል። አልመለስኩለትም፤ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ልጅቷ ከረጢቱን ይዛ ልምምድ ሄደች። በሳምንቱ ጓደኞቿ ፈለጉ። ከዚያ ክለቡ በደብዳቤ ስምንት ከረጢት ለናሙና ሰፍቼ እንዳቀርብ፣ በኮሚቴ እንደሚገመገም አሳወቀኝ። ግምገማ የሚባለውን ነገር አላምነውም። ቢሆንም ሰፋሁ። እሱ ኮሚቴው ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በከፊል ለዚያ ነው የሰፋሁት። እጁ ላይ ሲይዘው ከየት እንደመጣ ያውቃል ብዬ።

በዚያ ማክሰኞ ስምንቱን በሁለት ማዳበሪያ ይዤ በዝናብ ከጎፋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለቡ መብራት ኃይልን አልፎ ወዳለው ግቢ ስደርስ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ከአስተዳደር የመጣ ወጣት ሰው፣ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ፣ ጫማው ያልረጠበ። ሁለተኛዋ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ወረቀት ላይ የምትጽፍ። ሦስተኛው እሱ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ወጥቷል። «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ» አለኝ። ከአርባ ዓመት በፊት አንቺና አንተ ስንባባል የነበርን ሰዎች ነን። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል።

ሰብሳቢው አንዱን ከረጢት አነሳ። አልተመለከተውም፤ መዘነው። እንደ እህል ነጋዴ ከፍ ዝቅ አደረገው። ከዚያ አውራ ጣቱን አስጠግቶ ተጫነው፣ ጣቱ ሰመጠ። ሁለተኛውን አነሳ፣ ጣቱ ሰመጠ። ስምንቱንም እንዲሁ አደረገ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው የሚያውቀው አንድ የከረጢት ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም በገዢው ፊት የሚሰፈረው፣ ጢም ሲል እውነተኛ፣ ላላ ሲል የተሰረቀ። አያቱ እንደዚያ ነው ያስተማሩት፤ የኔም አያት እንደዚያው። ለእህል ከሆነ እውነት ነው።

«እናቴ» አለኝ፣ «ይሄ እኮ ከጾም የወጣ ሆድ ነው።»

የንብረት ክፍሏ ሳቀች።

«ምርቃቱንስ የት አደረጉት?» አለ ሰብሳቢው።

ያን ጊዜ እሱም ሳቀ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ በአፍንጫው። ሳቁን ሰምቼዋለሁ።

የላላው ሆን ተብሎ እንደሆነ፣ የሚያቅፈው ባዶው ቦታ እንደሆነ አስረዳሁ። ጠመንጃ ስጡኝና ላሳይ አልኩ። ሰብሳቢው አቅራቢ በግምገማ ላይ ዕቃ መንካት እንደማይችል መመሪያ እንዳለ ነገረኝ። የሰፋሁትን ዕቃ ነው እንዳልነካ የከለከሉኝ። የቴክኒክ ኃላፊውን ጠይቁ አልኩ፤ እዚህ ነው ያለው፣ እሱ ያውቃል። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔ የማየው ቴክኒኩን ነው» አለ። «የመጠኑ ነገር የኮሚቴው ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ሰው አያምነኝም። ሰብሳቢው «በትክክለኛ መጠኑ እንፈትነው» ብሎ አንዱን ከረጢት አስፈታ፣ የጎመን ዘሬን መሬት ላይ አስደፋ፤ በምትኩ ግቢው ውስጥ ለግንባታ ከተቆለለው አሸዋ እንዲሞላ አዘዘ። በሐምሌ ዝናብ የራሰ አሸዋ። የንብረት ክፍሏ በቆርቆሮ እየዛቀች ትሞላለች። የከረጢቱን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ የያዘላት እሱ ነው። ከጎኔ ተኝቶ «እንዴት ነው የምታደርጊው?» ያለኝ ሰው አፉን ይዞ ያስሞላል። ዓይኑን ከአሸዋው ላይ አላነሳም።

ከረጢቱ ሲሞላ እንደ ዱባ ክብ ሆነ። የልምምድ አጥሩ ላይ አስቀመጡት፣ ጠመንጃውን ላዩ ላይ፣ ሳንቲሙን ጫፉ ላይ። እሱ ቃታውን ሳበ። ከረጢቱ ተንከባለለ፣ ጠመንጃው ወደ ጎን ሄደ፣ ሳንቲሙ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ የፈለገው የለም።

ቃለ ጉባኤው እዚያው ተጻፈ። አንደኛ፣ ከረጢቶቹ ጎዶሎ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለተኛ፣ በትክክለኛ መጠን ሲሞሉ ይንከባለላሉ። ስለዚህ ተቀባይነት የላቸውም። ሁለቱ ነጥቦች እንዴት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው እንደሚቀመጡ ስጠይቅ ሰብሳቢው «እናቴ፣ አይበሳጩ» አለኝ። ሲጎድል ጎዶሎ፣ ሲሞላ ተንከባላይ፤ እኔ ግን መበሳጨት የለብኝም። ሦስቱም ፈረሙ። የእሱ ፊርማ ሦስተኛው ነው፤ ድሮም እንደዚያው ነበር፣ ጅራቱ የረዘመ።

ሰባቱን ከረጢት ከነዘራቸው፣ ስምንተኛውን ከነአሸዋው ተሸክሜ ተመለስኩ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሲሚንቶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ከረጢቶቹ አልተጨነቅሁም። ሰባቱን የክለቡ ልጆች አንድ በአንድ ቤቴ ድረስ እየመጡ ወሰዷቸው፤ በቦርሳቸው ደብቀው ወደ ውድድር ይዘዋቸው ሄዱ። ልጅቷ በሕይወቷ መትታ የማታውቀውን ያህል ኢላማ መታች። ያ ቃል ግን ፋይል ውስጥ ቀረ፤ ከፋይልም ወጣ። የንብረት ክፍሏ አክስት የምትኖረው እኛ ብሎክ ነው። አንዲት ደንበኛዬ መጋረጃ ልታሰፋ መጥታ ጨርቁን ፊቴ በሜትር ከለካች በኋላ «ለማወቅ ያህል ነው» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁላት ሴት ናት።

እንዲታረም ለማመልከት ሦስት ጊዜ ክለቡ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ሁለተኛው ቀን ቃለ ጉባኤ በቃለ ጉባኤ እንጂ በአቤቱታ አይሻርም ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢው ራሱ ደግነት የተሰማው መስሎ የቴክኒክ ኃላፊው በጽሑፍ አስተያየት ከሰጠ ቃሉን ማስተካከል እንደሚቻል ነገረኝ። አንድ መስመር ይበቃል አለ። የቴክኒክ ኃላፊው ግን ያን ቀን ቢሮው ተቆልፎ ነበር፤ ጃንጥላው ከበሩ ስር ውሃ እያንጠባጠበ።

ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በእጁ ሙዝ ይዟል። አስገባሁት፤ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ማሽኑ በመሃላችን ነበር። ስለ ጉልበቱ ሕመም ነገረኝ፣ ስለ ሚስቱ ስኳር ነገረኝ። ዚፕ መቀየሬን አላቆምኩም።

«ለአንጋፎች ውድድር ተመዝግቤያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ልጆቹ የያዙትን አየሁት። አንድ ስፊልኝ፤ እንደ ድሮው።»

«እንደ ድሮው ማለት እንዴት ነው?»

«ታውቂዋለሽ እኮ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። አንተ ታውቀዋለህ ወይ?»

ሙዙን ተመለከተ። «ላላ ያለ» አለ።

«በቃለ ጉባኤው ላላ ያለ ምን ይባላል?»

«አንቺ ደግሞ። ያንን ነገር እስካሁን ይዘሽዋል?»

መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንድ መስመር ጻፍ አልኩት፤ ከረጢቶቹ የላሉት ሆን ተብሎ ነው፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው በልና ፈርም። ከየት እንደተማርከው እንኳ አትጻፍ። ከረጢትህን ነገ ትወስዳለህ።

እስክሪብቶውን አነሳ። ክዳኑን ነቀለ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ይጽፋል ብዬ ነበር፤ እጄ ዚፑ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ጡረታ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱ እንደሆነ፣ በኮንትራት እንደሚሠራ፣ ኮንትራቱ በየዓመቱ በዚያ ወጣት ፊርማ እንደሚታደስ ነገረኝ። ተሳስቻለሁ ብዬ ብጽፍ «ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?» ይለኛል አለ።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

ውጭ አንዲት ሴት ልጇን ትጠራለች። «እሱን ተይው» አለ። «ከረጢቱን ግን ስፊልኝ። ለአሮጌ ጓድሽ።»

«እሰፋልሃለሁ» አልኩት። «ቅዳሜ ጠዋት ና።»

አመስግኖኝ ወጣ። ወረቀቱ ባዶውን ማሽኑ ላይ ቀረ። ሙዙን ለልጅቷ ሰጠኋት።

አርብ ዕለት ስምንተኛውን ከረጢት ከአልጋዬ ስር አወጣሁት። አሸዋው ደርቆ ትንሽ ረገብ ብሎ ነበር። ከብሎኩ ጀርባ ከተደፋው የግንባታ አሸዋ አምጥቼ ጨመርኩበትና በማንኪያ ጀርባ እየጠቀጠቅሁ ጢም አደረግሁት። አውራ ጣቴን ተጫንኩበት፤ አልሰመጠም። አፉን በሰም በተለቀለቀ ክር ሦስት ጊዜ ደርቤ ሰፋሁት። አንድ እፍኝ አሸዋ ተረፈ፤ እሱን በላስቲክ ቋጥሬ ምርቃት ብዬ ከጎኑ አሰርኩለት። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ በር ላይ አቀበልኩትና ገብቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።